ባሕር ሳሎን የገባበት ታሪክ

የጨው ውሃ ዓሣ ቤቱ ሊያኖር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የመስታወቱን ዋጋ ነው። መስታወቱ ግን ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። እዚህ ሎንዶን ቤት የሚቀይር ሰው፣ ልጆቹ አድገው የሄዱበት ሰው፣ ያገለገለ ገንዳውን «የፈለገ ይውሰደው» ብሎ ደጃፉ ላይ ያወጣዋል። ጀማሪውን የሚያስሸሸው ውሃው ነው፤ ዱሮም የሚያስሸሸው ውሃው ነበር። የወንዝና የኩሬ ዓሣ ብዙ ነገር ይችላል። የባሕር ፍጥረት ግን ጨዉም ሙቀቱም ከቀን ቀን እምብዛም በማይለዋወጥ ውሃ ውስጥ የኖረ ስለሆነ፣ ሃምሳ ስልሳ ሊትር ውስጥ ሲገባ ትንሹ ብልሽት ይጎዳዋል። ስለዚህ የቤት ውስጥ ባሕር ታሪክ የውሃ ታሪክ ነው። ከባሕር ርቆ የተቀመጠ የባሕር ውሃ እንዴት ሳይበላሽ ይቆያል? ጥያቄው መጀመሪያ በሰው ጉልበት፣ ቀጥሎ በባለጸጋ ገንዘብ ተመለሰ። እንደኛ ላለው ሰው የተመለሰው በእውቀት ነው፤ መጻፍ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአፈር ናሙና ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሙያውን የጀመርኩት ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ እንግሊዝ አገር ሆነ። ወደዚህ ታሪክ የገባሁትም በአፈር በኩል ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሁሉም ቀዳሚዋ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዣን ቪልፕሬ በ1794 ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ተወልዳ፣ በወጣትነቷ ፓሪስ ገብታ በስፌት ሥራ ተቀጠረች። በ1816 የአንዲት ልዕልት የሠርግ ልብስ ሠርታ ስሟ ተጠራ። ኋላም ጄምስ ፓወር የሚባል ነጋዴ አግብታ ሲሲሊ ደሴት ላይ፣ መሲና ከተማ ኖረች። በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱን የሚያከራክር አንድ ነገር ነበር፤ አርጎናውት የሚባለው ትንሽ ኦክቶፐስ ያንን እንደ ወረቀት የሳሳ ነጭ ቅርፊቱን ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ፍጥረት ወስዶ ይገባበታል? የሞተ አርጎናውት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በመመልከት ይህ አይታወቅም። ዣን በ1832 የመስታወት ገንዳ አሠርታ፣ የባሕር ውሃ ሞልታ፣ እንስሳውን በሕይወት እያለ ከቤቷ ሆና ትመለከተው ጀመር። ቅርፊቱን ስትሰብርበት ሲጠግነው አየች። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ባሕር ውስጥ ሰጥመው የሚቆሙ ሌሎች ማስቀመጫዎችም ነበሯት። በ1858 እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ኦወን የዚህ ጥበብ እናት እርሷ ናት ብሎ መሰከረላት።

ሆኖም መሲና የወደብ ከተማ ናት። ውሃው ቢበላሽባት ባሕሩ ደጃፏ ነው፤ አስደፍታ ሌላ ታስቀዳለች። ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው የእርሷ መንገድ አይሠራም ነበር።

ሎንዶን ላይ በሩን ከፈቱት ከምላቸው ነገሮች አንዱ የግብር ጉዳይ ነው። እንግሊዝ መስታወትን ለመቶ ዓመት ያህል ስትቀርጥ ኖራ በ1845 ቀረጡን አነሳች፤ መስታወት ረከሰ። የባቡር ሐዲድም ከባሕር ዳርቻ ከተሞች እስከ ዋና ከተማዋ ተዘረጋ። ከዚያ በፊት ደግሞ ናትናኤል ዋርድ የሚባል የምሥራቅ ሎንዶን ሐኪም በ1829 የእሳት ራት ሙሽሬ እርጥብ አፈር ባለበት የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦ ሲከታተል፣ ከአፈሩ ፈርንና ሣር በቅሎ አየ። ክዳኑ እንደተዘጋ ተክሉ ለዓመታት ኖረ። የእንግሊዝ ሳሎኖች በተዘጋ የመስታወት ሣጥን ውስጥ በሚያድግ ፈርን ተሞሉ። ከመስታወት ጀርባ ያለች ትንሽ ዓለም ራሷን ችላ ትኖራለች የሚለው ሐሳብ በሰው ልብ ያደረው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1846 መጸው አና ታይን የምትባል ሴት ቶርኪ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ እንደ ጽዋ ቅርጽ ያላቸውን ትናንሽ ኮራሎች አይታ ወደደቻቸው። ባሏ የዌስትሚንስተር አቢ ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ ካህን ነበር። ኮራሎቹን በመርፌና በክር ስፖንጅ ላይ ሰፍታ፣ ከባሕር ውሃ ጋር በሸክላ ማሰሮ ይዛ፣ ሎንዶን ገባች። እዚያም በመስታወት ሳህን አስቀመጠቻቸው። ውሃው አየር እንዳያጥረው አንድ ዘዴ ዘየደች፤ የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ ከተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ፣ ውሃውን ካንዱ ዕቃ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ መጀመሪያው፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ታንቆረቁራለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ውሃ ከባድ ነገር ነው፤ አሥር ሊትር አሥር ኪሎ ይመዝናል። የሎንዶን መስኮት በክረምት ተከፍቶ ከፊቱ ሲቆሙ እጅ ይቆረጥማል፤ የጨው ውሃ ደግሞ የተሰነጠቀ ጣት ያቃጥላል። ኮራሎቹ ከሦስት ዓመት በላይ ኖሩ፤ ተዋለዱም። አና ታይንም በ1859 ሥራዋን በሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተመች። ሴቶች ከሳይንስ ማኅበር ደጅ በሚመለሱበት ዘመን ያንን ማድረጓ ክብር ይገባዋል። ያንን ውሃ በሕይወት ያቆየው ክንድ ግን የሠራተኛዋ ነው። ዛሬ ሁለት ጣት የምታህል ፓምፕ ገንዳ ጥግ ላይ ሆና ሌሊትና ቀን የምትሠራው ሥራ የዚያች ሴት ሥራ ነው። አና ታይን ራሷ በ1847 የባሕር አረም የበቀለባቸው ድንጋዮች አስመጥታ ጨመረች፤ አረሙ አየር ስለሚሰጥ የማንቆርቆሩ ሥራ ቀለለ።

ያንኑ ነገር በኬሚስት ዓይን ያየው ሮበርት ዋሪንግተን ነው። ሎንዶን በሚገኘው የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ቤት ውስጥ የኬሚስትሪ ኃላፊ ነበር። በ1849 አሥራ ሁለት ጋሎን በሚይዝ የመስታወት ዕቃ ሁለት ወርቃማ ዓሦችና አንድ የውሃ ተክል አስገባ። ዓሣው የሚተነፍሰውን ተክሉ ይጠቀምበታል፤ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክስጅን ዓሣው ይተነፍሰዋል ብሎ ነው። ጥቂት እንደቆየ የተክሉ ያረጁ ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩ፤ ውሃው ደፈረሰ። ዋሪንግተን ውሃውን አልደፋም። የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በሉ፤ እንቁላላቸውን ደግሞ ዓሦቹ በሉት። ውሃው ጠራ። ውጤቱን በ1850 ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። በ1852 ይህንኑ በባሕር ውሃና በባሕር አረም ሞከረው፤ ለዚህ ሥራ ከቀያዮቹ አረሞች ይልቅ አረንጓዴዎቹ እንደሚሻሉም ለየ። ሌላም የተማርንበት ነገር አለ። ከገንዳው የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፤ ጨዉ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን የሚሞሉት በዝናብ ወይም በተጣራ ውሃ ነው እንጂ በጨው ውሃ አይደለም። ዛሬ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ወደ ሕዝብ ያወረደው ግን ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ነው። ጎስ በጃማይካ ወፍና ነፍሳት ሲያጠና የቆየ፣ ሃይማኖቱን አጥባቂ፣ ብዕረ መልካም ሰው ነበር። በ1852 ለጤናው ሲል ወደ ዴቨን ባሕር ዳርቻ ሄዶ፣ ማዕበል ሲመለስ በየዓለቱ ጉድጓድ የሚቀሩትን ፍጥረታት አጠና። በግንቦት 1853 ሎንዶን፣ ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ ባለው የአራዊት ማቆያ የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ ከጎስ እጅ የሄዱ የባሕር ፍጥረታት ነበሩበት። ሕዝቡ የባሕርን ሆድ በመስታወት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። በ1854 ጎስ ራሱ በቀለም በሳላቸው ሥዕሎች የተዋበ መጽሐፍ አወጣ፤ እንግሊዝ በዚህ ነገር አበደች። ካህኑም፣ ሐኪሙም፣ የባለሱቅ ሚስትም ባልዲና መዶሻ ይዘው ባሕር ዳር ወረዱ።

ውሃ ግን አሁንም ከባሕር መምጣት ነበረበት። ጎስ በመመሪያው በጀልባ ከዳርቻው ርቆ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ይሻላል ይላል። በርሜሉም አዲስ፣ ከጥድ ዓይነት እንጨት የተሠራ ይሁን፤ የኦክ እንጨት ውሃውን ያበላሸዋል፤ ውታፉ እንኳ ኦክ ከሆነ በቂ ነው። ቆዳ የሚያለፋው የእንጨት ጭማቂ እዚያ ውስጥ አለና። ለበርሜሉ፣ ለመርከበኛው፣ ለባቡሩ፣ ለተሸካሚው የሚከፍል ሰው ስንት ነው? ይህን የተረዳው ጎስ በ1854 ባሕርን ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ሊሠራት ተነሣ። ቀደም ሲል አንድ ኬሚስት የብራይተንን የባሕር ውሃ መርምሮ ያወጣውን ዝርዝር ይዞ፣ አራት ነገር ብቻ መረጠ። የገበታ ጨው ሦስት አውንስ ተኩል፣ ማለት መቶ ግራም ያህል፤ የሆድ ማጠቢያው የኤፕሰም ጨው ሩብ አውንስ፣ ሰባት ግራም፤ ማግኒዥየም ክሎራይድ አሥራ ሦስት ግራም፤ ፖታሲየም ክሎራይድ ሁለት ግራም ተኩል ገደማ። ይህ ሁሉ አራት ሊትር ተኩል በማይሞላ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ጎስ እንስሳቱን ወዲያው አላስገባም። መጀመሪያ የባሕር አረም ከነድንጋዩ አስገብቶ አንድ ሳምንት ያህል ጠበቀ። ለምን እንደሚያስፈልግ በሚገባ ሳይታወቅ፣ መጠበቁ ግን ትክክል ነበር።

ይህን ቅመም ሳነብ ልቤ የሄደው ወደ አፋር ነው። የአሞሌ ጨው የተቆረጠባት የዳሎል ሜዳ ጥንት የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶባት የደረቀች ምድር ናት። ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ በአንድ ጊዜ አይረጉም። ኖራና ጂፕሱም ይቀድማሉ፤ የምንበላው ጨው ይከተላል፤ ማግኒዥየምና ፖታሲየም የያዙት በመጨረሻ ይረጋሉ። ጣሊያኖች ከመቶ ዓመት በፊት ዳሎል ላይ ፖታሽ ያወጡት ከዚያ የመጨረሻ ንጣፍ ነው። እንግዲህ ጎስ በሚዛን ለክቶ የቀላቀላቸው አራቱም ጨዎች በአንድ የአገራችን ጉድጓድ ንጣፍ ንጣፍ ሆነው ተኝተዋል ማለት ነው። አሞሌ ብቻውን ውሃ ውስጥ ቢሟሟ ግን ባሕር አይሆንም፤ አንዱ ንጣፍ ብቻ ነውና። ጨው ሁሉ አንድ የሚመስለው ጀማሪ ከወጥ ቤት ጨው አንሥቶ ገንዳ እንዳይሞላ የምለምነው ለዚህ ነው። ዓሣውን የሚገድለው የሌለው ማግኒዥየምና ካልሲየም ነው።

ጎስ ካልሲየሙን ከቅመሙ ጨርሶ ትቶታል። የሎንዶን ውሃ ግን ከኖራ ድንጋይ ምድር የሚመጣ ነው። እዚህ አገር ጀበና ያላት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ውስጡ በጥቂት ወር ነጭ ቅርፊት ይለብሳል፤ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ካልተፈላ አይለቅም። ጎስ የተወውን በከፊል ቧንቧው ሞላለት ብዬ አምናለሁ።

ሎንዶን ውስጥ ከጎስ ቅመም ንግድ የመሠረተው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። መጽሐፍ ጠራዥ የነበረ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ነው። በሪጀንትስ ፓርክ አጠገብ ሱቅ ከፈተ፤ ገንዳ፣ የባሕር ውሃ፣ የተቀመመ ጨው፣ ቀንድ አውጣ፣ አኔሞን የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሁሉ ይሸጥ ነበር። በ1858 ያወጣው የዕቃ ዝርዝር ከመቶ ገጽ በላይ ነው። ይህን ሰው የምወድደው ነጋዴ ሆኖ ሳለ ዕቃ ከመሸጥ ይልቅ ውሃን ለማወቅ ስለሚተጋ ነው። ሎይድ የተገነዘበው ነገር፣ ሰው የሚያየው ገንዳ ትንሽ ቢሆንም ከሥሩ ጨለማ ውስጥ እጅግ የሚበልጥ የውሃ ጎተራ ቢኖርና ውሃው ሳያቋርጥ በሁለቱ መካከል ቢዘዋወር፣ ባሕሩ ሳይለወጥ ለዓመታት እንደሚቆይ ነው። በ1864 ሃምቡርግ፣ በ1871 ሎንዶን ክሪስታል ፓላስ የተከፈቱትን ታላላቅ የባሕር ቤቶች በዚህ መላ አቋቋመ። ዛሬ ከገንዳ ሥር ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ሁለተኛ ገንዳ የሎይድ ጎተራ ልጅ ነው።

በሳሎኖቹ ውስጥ ግን እብደቱ በአሥር ዓመት በረደ። ብዙው ሰው እንስሳ ያጭቃል፤ ገንዳውን ፀሐይ መስኮት ላይ ያቆማል፤ ውሃው ይሸታል፤ ነገሩ ሁሉ ወደ ጓሮ ይጣላል። በ1860ዎቹ መጨረሻ ጆን ጆርጅ ውድ የሚባለው ካህንና ጸሐፊ ትኩሳቱ አልፏል ብሎ ጽፏል። ከባዱ ጉዳት የደረሰው ባሕር ዳር ነው። የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ፣ አባቱ ያወደሳቸው የዓለት ጉድጓዶች በሰብሳቢ ብዛት መራቆታቸውን፣ አባቱም በዚህ ምን ያህል እንዳዘነ ይተርካል። ውበቱን ለሕዝብ ያሳየ ሰው፣ ሕዝቡ ሄዶ ሲያፈርሰው ማየት ነበረበት።

እነዚያ ገንዳዎች ለምን ሞቱ? የዋሪንግተን ሒሳብ ኦክስጅንና የተቃጠለ አየር ነው፤ ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የተገኘው ከገንዳ ሳይሆን ከስንዴ ማሳ ነው። ያገኘው ሰው ደግሞ የዋሪንግተን የገዛ ልጁ ነው።

ልጁም ሮበርት ዋሪንግተን ይባላል። በ1838 ተወልዶ ኬሚስትሪን በአባቱ ላቦራቶሪ ጀመረ፤ በ1876 ከሎንዶን በስተሰሜን ባለው የሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገባ። እዚያ ከ1843 ጀምሮ በየዓመቱ ስንዴ የሚዘራበት ብሮድባልክ የሚባል ማሳ አለ፤ ዛሬም ይዘራል። ዓለማያ ተማሪ ሳለሁ ስሙን በመማሪያ መጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ እንግሊዝ ከመጣሁ በኋላ ዳሩ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። የማሳው አፈር ፍግ ሲበላ አሞኒያ ይኖረዋል፤ ከሥሩ የሚወጣው የፍሳሽ ውሃ ግን ናይትሬት ነው። በመካከል ምን ተደረገ? በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የሚባሉ ፈረንሳዮች ለውጡን የሚያካሂደው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አሳዩ፤ በክሎሮፎርም ትነት ሲያደነዝዙት ሥራው ይቆማል። ዋሪንግተን ልጅየው ይህን ይዞ ከ1878 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ደከመ። አሞኒያ ያለበት ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ቁንጥር አፈር ይጨምርበታል፤ ጨለማ ቦታ አኑሮ ይጠብቃል። አሞኒያው ይጠፋል። ካለቀው ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ ወስዶ አዲስ ጠርሙስ ውስጥ ሲያደርግ፣ አዲሱም ሥራ ይጀምራል፤ እርሾ ከሊጥ ወደ ሊጥ እንደሚሻገር ማለት ነው። ብርሃን ሲያገኘው ሥራው ይሰናከላል። ለውጡ ደግሞ በሁለት እርከን ነው፤ አንዱ ፍጥረት አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፤ ሌላው ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል። ፍጥረታቱን ለይቶ ማሳደግ ግን እምቢ አለው። በ1890 ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ዙሪክ ላይ ለያቸው።

አባትየው በ1867 ሞቷል። ልጁ በአፈር ጠርሙስ ያየው ነገር በራሱ ገንዳ አሸዋና ድንጋይ ላይ ሳይታይ ይሠራ እንደነበር ሳያውቅ ሄደ። ዓሣ የሚያወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ መርዝ ነው፤ ናይትራይትም ይጎዳል፤ ናይትሬት ግን እስኪበዛ ድረስ ይቻላል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ይህን ለውጥ የሚያካሂዱት ባክቴሪያዎች የሉም። ገና ሳይበዙ ዓሣ ያስገባ ሰው ዓሣውን በራሱ ቆሻሻ ይመርዘዋል። የጎስ ሳምንት ለዚህ አጭር ነበረች፤ ዛሬ የምንጠብቀው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ያ ሁሉ የእንግሊዝ ሳሎን የሸተተበትን ምክንያት እዚህ ውስጥ አየዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። እውቀቱ ከአፈር ወደ ገንዳ እስኪሻገር ብዙ አሥርተ ዓመታት ወሰደ። በ1960ዎቹ የሲሊኮን ማጣበቂያ መጣ፤ በጨው ውሃ የሚዝገው የብረት ፍሬም ቀረ። በዚያው አሥርት አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የተሟላ የባሕር ጨው ለገበያ ወጣ። በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የሚባል የጃካርታ ሰው፣ ውድ ማጣሪያ ሳይኖረው፣ ፍጥረት ያደረበት የኮራል ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃንና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ ኮራልና ዓሣ እንደሚያኖር ጻፈ። ሀብታሞቹ አገሮች መላውን በሚገባ እስኪቀበሉት ሃያ ዓመት ያህል አለፈ። በ2005 ደግሞ ተመራማሪዎች ከሲያትል ከተማ የሕዝብ አኳሪየም ገንዳ አሞኒያን የሚለውጥ አዲስ ፍጥረት ለዩ፤ ባክቴሪያ እንኳ አይደለም፤ አርኪያ ከሚባለው ወገን ነው። ዘመዶቹ በውቅያኖስ ውስጥ እጅግ ብዙ ከሆኑት ሕያዋን መካከል መሆናቸው ኋላ ታወቀ። ለመቶ ሃምሳ ዓመት ገንዳ ከባሕር ሲማር ኖሮ፣ በዚያች ቀን ባሕር ከገንዳ ተማረ።

የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ በትንሽ ገንዘብ ይቻላል?» ሲለኝ ይህን ሁሉ ነው የነገርኩት። ገንዳው ስልሳ ሊትር ነው፤ ሰው የጣለው ነው። ቤት ሳናስገባው በፊት ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ውሃ ሞልተን ማፍሰስ አለማፍሰሱን አየን። ሙቀቱን ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ የሚይዝ ማሞቂያና ውሃ የምታንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ ገዛ። ጨዉ ለአንድ ሊትር ሠላሳ አምስት ግራም ነው፤ ስልሳው ሊትር ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ይፈጃል። በሳምንት አንድ አሥረኛውን፣ ስድስት ሊትር፣ ቢቀይር በዓመት ከአሥራ አንድ ኪሎ አይበልጥም። ጨው ውድ ነው የሚለው ወሬ ለትንሽ ገንዳ አይሠራም። ውሃውን በጀሪካን የተጣራ እንዲገዛ ነገርኩት። የቧንቧው ውሃ ውስጥ ክሎሪን አለበት፤ ከእርሻ ማሳ የወረደ ናይትሬትም አለበት፤ እሱን እኔ በሥራዬ ዘመን በየጠርሙሱ ስለካው ኖሬያለሁ። ለመብራቱ ገንዘብ አላወጣም፤ ኮራል ካልያዙ ተራ መብራት ይበቃል።

ያልቆጠበው በድንጋዩና በመመርመሪያው ላይ ነው። ባክቴሪያ የሚሰፍርበት ቀዳዳ የበዛበት ደረቅ ድንጋይ ገዛ፤ ሰባት ኪሎ ያህል። ከአንድ ወዳጄ ገንዳ አንድ ጭብጥ አሸዋ አምጥቼ ጨመርኩለት፤ የዋሪንግተን ልጅ ጠብታ ማለት እሷ ናት። ከዚያ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ንጹሕ አሞኒያ በጠብታ እየመገብን፣ ያለ ዓሣ፣ ገንዳውን አቆየነው። በትንሽ የመስታወት ቱቦ አምስት ሚሊ ሊትር ውሃ ይቀዳል፤ የመመርመሪያው ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል፤ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ቀለሙ ከካርዱ ጋር ይተያያል። ቀለሙ ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፤ ወደ አረንጓዴ ከሄደ አለ። ልጁ ቱቦውን መስኮት ላይ ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይኼ ቢጫ ነው አረንጓዴ?» ሲል፣ እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ለወጣት ሠራተኞች የምለውን አልኩት፤ ነጭ ወረቀት ከጀርባው አድርግ። በአምስተኛው ሳምንት ምሽት ላይ ያስገባነው አሞኒያ በማግሥቱ ጠፍቶ አገኘነው፤ ናይትራይቱም የለም።

ያን ጊዜ ዓሣ ሊገዛ ሄደ። ከሱቁ ሁለት ዓይነት ክላውንፊሽ ቀረበለት፤ ከባሕር የተያዘና ገንዳ ውስጥ የተፈለፈለ። ማርቲን ሞ የሚባል የፍሎሪዳ ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በርካታ ክላውንፊሽ ቤት ውስጥ አስፈልፍሎ ማሳደግ ከቻለ ወዲህ፣ ይህን ዓሣ ከባሕር የሚነጥቁበት ምክንያት የለም። ልጁ ገንዳ የተወለዱትን ሁለት ወጣቶች ወሰደ፤ አረም የሚበሉ አራት ቀንድ አውጣዎችም ጨመረ። ሻጩ ያ ገንዳ ሌላ አምስት ዓሣ ይችላል ብሎት ነበር፤ አልገዛም።